የዳገት ሒሳብ፤ ከደሃና እስከ ቦሌ

(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር)

በዋግ ኽምራ ምድር፣ ከሰቆጣ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በደሃና ወረዳ፣ መንገድ ማለት ዳገትና ቁልቁለት ማለት ነው። አንዱን አምባ ወጥቶ ትንፋሹን የሚሰበስብ መንገደኛ ፊት ለፊቱ ሌላ አምባ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በመካከላቸውም ውሃው ወደ ተከዜ የሚወርድ ሸለቆ ይገኛል። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ወደ ሰቆጣ ገበያ፣ ከሰቆጣም ወደ ሌላው ደጋ በአጋሰስ ጀርባ ሲመላለስ ብዙ ዘመን የኖረው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

የአጋሰስ ነጂ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ሒሳብ ያውቃል። ሌሊት ተነሥቶ በማለዳ ብርድ ዳገቱን ይያያዘዋል እንጂ ፀሐይ እስክትበረታ አይቀመጥም። ለሜዳ የሚጭነውን ያህል ለአቀበት አይጭንም። መንገዱ በተመቸው ጊዜም ቢሆን አጋሰሱን ሊሮጥ በሚችለው ልክ አያስሮጠውም፤ ነገ ለሚመጣው ዳገት የሚሆን ኃይል ዛሬ በሜዳ ላይ መፍሰስ እንደሌለበት ያውቃልና። እንግዲህ ጭነት፣ ዳገት፣ ሙቀትና የተረፈ ኃይል፣ እነዚህ አራቱ የነጂው ሒሳብ ናቸው።

ዛሬ ልገልጽልዎ ያሰብሁት ግን ስለ አጋሰስ ሳይሆን ስለ ጄት አይሮፕላን ነው። ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ቢመስሉም፣ የጄት አብራሪ ከምድር ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው ሒሳብ ከእነዚሁ ከአራቱ የወጣ መሆኑን ወደ ፊት እንመለከታለን።

እርስዎ ለመንግሥት ሥራ ወይም ለግል ጉዳይ በጄት ተጉዘው ከሆነ፣ አይሮፕላኑ በመንደርደሪያው ጫፍ ጥቂት ቆም ብሎ ሞተሮቹ ማጓራት ሲጀምሩና ጀርባዎ ከወንበሩ ሲጣበቅ፣ አብራሪው ያለውን ኃይል ሁሉ አሟጦ የሰጠ ሳይመስልዎ አልቀረም። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። በዓለም ላይ በየቀኑ ከሚነሡት የጄት መንገደኛ አይሮፕላኖች ብዙዎቹ ለመነሣት የሚጠቀሙበት ኃይል ከሞተሩ ሙሉ ኃይል ያነሰ ነው። ኃይሉ የሚቀነሰውም በግምት ወይም በልማድ ሳይሆን፣ ለዚያ ቀን፣ ለዚያ መንደርደሪያና ለዚያ ጭነት ተብሎ በተሠራ ሒሳብ ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ሦስት መቶ ነፍስ ተሸክሞ ሳለ ኃይል መቆጠብ ምን የሚሉት ንፍገት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ግን ከሥሩ መጀመር አለበት። ሥሩም የአገራችን አየር ነው።

የመጀመሪያዋ አይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የገባችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለችው ይህች የፈረንሣይ ሥራ ከባሕር ጠረፍ ከጅቡቲ ተነሥታ ወደ ደጋው ወጣች። በዚያን ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ የተደነቀው ብረት በሰማይ ሲሄድ በማየቱ ነበር። ለአብራሪውና ለሞተሩ ግን ሌላም ነገር ነበረ፤ ይኸውም ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ማረፍ፣ ከዚያም በኋላ ከዚሁ ከፍታ መልሶ መነሣት ነው። ማረፉ አንድ ነገር ነው፤ መነሣቱ ግን ሌላ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገው ስምምነት ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከዲሲ-3 ወገን የሆኑ፣ ሁለት ሞተርና ሁለት ፕሮፔለር ያላቸው ሲ-47 የሚባሉ ነበሩ። እነዚህ አይሮፕላኖች ጠጠርና ሣር በሆነ አጭር ሜዳ ላይ አርፈው መነሣት ስለሚችሉ፣ መንገድ ያልደረሰባቸውን ብዙ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ከዋና ከተማው ጋር አገናኝተዋል። ነገር ግን ደጋው ከእነርሱም ግብሩን ይቀበል ነበር፤ በባሕር ጠረፍ የሚያነሡትን ጭነት ያህል በደጋ ሜዳ ማንሣት አይችሉም ነበርና።

ይህ ግብር ምን እንደ ሆነ በአኃዝ እንመልከተው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። አየር ክብደት ያለው ነገር ስለ ሆነ ከታች ያለው ከላይ ባለው ተጭኖ ይታመቃል፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። በቦሌ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ሙቀቱ 23 ዲግሪ በደረሰበት ቀን፣ በቦሌ አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው አየር በባሕር ጠረፍ በመደበኛው ቀን ከሚገኘው ከመቶ 73 እጅ ያህል ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፤ ሞተሩ የሚውጠው አየር ስለሚያንስ የሚሰጠው ግፊት ያንሳል። ሁለተኛ፤ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ስስ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት አይሮፕላኑ የበለጠ መሮጥ አለበት። በባሕር ጠረፍ በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከምድር የሚላቀቅ አይሮፕላን፣ በቦሌ ቀትር ላይ ለመላቀቅ 324 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፤ አብራሪው በሩጫው መካከል ችግር አይቶ ማቆም ቢፈልግ፣ ፍሬኑና ጎማው የሚችሉት የሩጫ ጉልበት በባሕር ጠረፍ ከሚችሉት ከሲሶ በላይ ይጨምርባቸዋል። በአጭሩ፣ ደጋው ኃይልን ይቀንሳል፤ የሚጠይቀውን ሥራ ግን ያበዛል።

የጄት ዘመን በመጣ ጊዜ አገራችን የገጠማት ጥያቄ ይኸው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720ቢ የተባለውን ጄት መረጠ። ይህ አይሮፕላን የታላቁ የ707 ታናሽ ወንድም ሆኖ፣ ክብደቱ የቀለለና ለአጭር መንደርደሪያ እንዲመች የታሰበ ነበር። «ቢ» የሚለውም ፊደል ከቀድሞዎቹ የተሻለ ግፊት የሚሰጡ ቱርቦፋን ሞተሮች እንዳሉት የሚያመለክት ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ የልደታው መንደርደሪያ ለጄት የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ቦሌ ላይ ረዥም መንደርደሪያ ያለው አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በጥር ወር 1955 ዓ.ም. የጄት አገልግሎት ወደ ናይሮቢ በሚሄደው መስመር ተጀመረ። ዛሬ በቦሌ ያለው የመንደርደሪያ ርዝመት ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ይህን የሚያህል አስፋልት በከተማው ዳር የተዘረጋው ለጌጥ ሳይሆን፣ አየሩ የነፈገንን በምድር ርዝመት ለመካስ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ኃይል እንዲህ ውድ ከሆነ ለምን ይቆጠባል?

በጄት ሞተር ውስጥ አየር ከፊት ይገባል፤ ይታመቃል፤ ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል፤ ከዚያም የተርባይኑን ትናንሽ ክንፎች እያሽከረከረ ወደ ኋላ ይወረወራል። በዘመናዊዎቹ ሞተሮች ሙሉ ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ፣ ይህ የሚቃጠል አየር ክንፎቹ የተሠሩበትን ብረት ለማቅለጥ ከሚበቃው ሙቀት በላይ ይደርሳል። ክንፎቹ የማይቀልጡበት ምክንያት በውስጣቸው በተበሱ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ቀዝቀዝ ያለ አየር እንዲያልፍባቸው ስለ ተደረገ ነው። ቢሆንም፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ የመሽከርከር ኃይል ብረቱ ዓይን በማያየው መጠን እየተለጠጠ ይሄዳል፤ አንዴ የተለጠጠውም አይመለስም። ከሁሉ ይልቅ የብረቱን ዕድሜ የሚበሉት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ዲግሪዎች ናቸው። ስለዚህ ከሙሉ ኃይል ላይ ጥቂት መቀነስ ለሞተሩ ብዙ ዕድሜ ይጨምርለታል፤ ሞተሩ በአየር ላይ የመበላሸቱንም ዕድል ያሳንሳል። በአንጻሩ፣ በአነስተኛ ኃይል የተነሣ አይሮፕላን ወደ ላይ የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ጥቂት ነዳጅ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን የሞተር እድሳት ዋጋ ከዚህ ጋር ሲመዛዘን ቁጠባው ያመዝናል።

የሚቀነሰውስ እንዴት ነው? እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ነውና።

የጄት ሞተር እስከ ታወቀ የውጭ ሙቀት ድረስ ለከፍታው የተወሰነለትን ግፊት ሳያጎድል ይሰጣል። ውጭው ከዚያ ወሰን በላይ ከሞቀ ግን ውስጡ እንዳይቃጠል ግፊቱ እየተቀነሰ ይሄዳል። የአይሮፕላኑ ሠሪ ይህን ሁሉ ለክቶ፣ በየሙቀቱ፣ በየከፍታው፣ በየነፋሱና በየመንደርደሪያው ርዝመት ምን ያህል ክብደት ማንሣት እንደሚቻል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ዛሬ ሠንጠረዡ በኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ የባሕር ጠረፍ ማረፊያ ላይ ውጭው 20 ዲግሪ ነው እንበል። አይሮፕላኑ ሙሉ ጭነት አልያዘም፤ መንደርደሪያውም ረዥም ነው። አብራሪው ሠንጠረዡን ሲመለከት፣ በዚህ ክብደት ውጭው እስከ 45 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ በደኅና መነሣት እንደሚቻል ያገኛል። ስለዚህ ለአይሮፕላኑ ኮምፒዩተር የዛሬው ሙቀት 45 ዲግሪ እንደ ሆነ አድርጎ ይነግረዋል። ሞተሩም ለ45 ዲግሪ የተወሰነውን አነስተኛ ግፊት ብቻ ይሰጣል። ይህ አሠራር የታሰበ ሙቀት በተባለው ዘዴ ኃይልን መቀነስ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ኃያሉን ሞተር እንደ ሌላ አነስተኛ ሞተር በመቁጠር በተለየ ሠንጠረዥ የሚሠራበት ሁለተኛ ዘዴ አለ፤ እንደ ሁኔታውም ሁለቱ አብረው ይሠራባቸዋል።

«ታዲያ ለሞተሩ ሐሰት ተነገረው ማለት ነዋ!» ይሉኝ ይሆናል። አዎን፤ ነገር ግን ሐሰቱ ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው። ሒሳቡ የተሠራው በ45 ዲግሪ ስስ አየር ነው፤ አይሮፕላኑ የሚሮጠው ግን በ20 ዲግሪ ወፍራም አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ ክንፉ ሒሳቡ ከሚለው በፊት ይደገፋል፤ ለመነሣትም ሆነ ለማቆም የሚፈልገው ርቀት ሒሳቡ ከሚለው ያጥራል። በዚህ ዘዴ የሚገኘው ትርፍ ወደ ደኅንነት እንጂ ወደ አደጋ አይደለም።

ከዚህም በላይ ሒሳቡ አንድ የማይታለፍ ግዴታ አለበት። በሩጫው ውስጥ የውሳኔ ፍጥነት የሚባል ወሰን አለ። ከዚያ ፍጥነት በፊት አንድ ሞተር ቢጠፋ አይሮፕላኑ በቀረው መንደርደሪያ ላይ መቆም መቻል አለበት፤ ከዚያ በኋላ ቢጠፋ ደግሞ በቀሩት ሞተሮች ተነሥቶ በፊቱ ያለውን ጋራና ሕንፃ ማለፍ መቻል አለበት። ኃይል እንዲቀነስ የሚፈቀደው፣ ከተቀነሰ በኋላም ይህ ሁሉ እንደሚሟላ ሒሳቡ ካረጋገጠ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የአበው ቃል ይታወሰኛል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አብራሪው የሚታጠቀው ሳይሮጥ፣ ገና መንገደኛው ሻንጣውን በማስተካከል ላይ ሳለ ነው።

ሕጉም የበኩሉን አጥር አበጅቷል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ1980 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ በታሰበ ሙቀት የሚቀነሰው ከሙሉው የመነሻ ኃይል ከሩብ እንዳይበልጥ ወስኗል። መንደርደሪያው ውሃ ሲያቁር፣ በረዶ ሲሸፍነው በዚህ ዘዴ መቀነስ አይፈቀድም። ሞተሮቹ ሙሉ ኃይላቸውን በእርግጥ መስጠት መቻላቸው በየጊዜው ይፈተናል፤ ሳይሠሩበት የቆዩት ኃይል በችግር ቀን መኖሩ መታወቅ አለበትና። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብራሪው ባስፈለገው ቅጽበት የኃይሉን እጀታ ወደ ፊት ገፍቶ ሙሉውን መውሰድ ይችላል። እንግዲህ የተቆጠበው ኃይል የጠፋ ኃይል አይደለም፤ በእጅ ላይ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ሒሳብ የሚያምረው የገባበት አኃዝ እውነተኛ ሲሆን ነው። እርስዎ፣ አንባቢ ሆይ፣ በየቀኑ በመዝገብና በቅጽ ላይ አኃዝ የሚጽፉ፣ የሚያመሳክሩ፣ የሚፈርሙ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ የሚከተለውን ታሪክ በተለይ ለእርስዎ አደራ እላለሁ።

መጋቢት 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ምሽት ላይ፣ የኤምሬትስ አየር መንገድ የሆነ ኤርባስ ኤ340-500 ከአውስትራልያ ከሜልቦርን ወደ ዱባይ ለመሄድ ተሰናዳ። በውስጡ 275 ሰዎች ነበሩ። የአይሮፕላኑ ክብደት 362.9 ቶን ነበር። ለሒሳቡ ማሽን ሲነገር ግን 262.9 ተብሎ ገባ። የተሳሳተው አንድ አኃዝ ብቻ ነው፤ በሦስት ፈንታ ሁለት። ማሽኑ የተሰጠውን አምኖ፣ መቶ ቶን ለቀለለ አይሮፕላን የሚበቃውን የተቀነሰ ኃይልና ዝቅተኛ ፍጥነት አወጣ። አይሮፕላኑ ሮጠ፤ አብራሪው አፍንጫውን ሊያነሣ ሲሞክር ግን አልነሣ ብሎ ጅራቱ ከመንደርደሪያው ጋር ተፋተገ። የመንደርደሪያው ጫፍ በቀረበ ጊዜ ካፒቴኑ ሙሉ ኃይል ሰጠ። አይሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ጫፍ አልፎ፣ በዚያ የቆመ አንቴና ገጭቶ በጭንቅ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያም ነዳጁን አፍስሶ ተመለሰና በሰላም አረፈ። ከ275ቱ አንድም ሰው አልሞተም።

ሁሉም ግን እንዲህ ዕድለኞች አልነበሩም። ከዚያ ከአራት ዓመት ተኩል ገደማ በፊት፣ ጥቅምት 4 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ኤም.ኬ. ኤርላይንስ የተባለው ድርጅት የዕቃ ጫኝ ቦይንግ 747 ከካናዳ ከሃሊፋክስ ሲነሣ ተከስክሶ በውስጡ የነበሩት ሰባቱም ሠራተኞች ሞቱ። መርማሪዎቹ እንደ ደረሱበት፣ ለአነሣሱ ሒሳብ የገባው ክብደት አይሮፕላኑ ቀደም ብሎ ከሌላ ማረፊያ ሲነሣ የነበረው፣ ከእውነተኛው እጅግ ያነሰው ክብደት ሳይሆን አልቀረም።

በሁለቱም ስፍራ ሞተሮቹ ደኅና ነበሩ፤ መንደርደሪያውም በቂ ነበር። ኃይል የመቀነሱም ዘዴ በራሱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ማንም መልሶ ያላየው አኃዝ ነው። ከእነዚህ ነገሮች የተገኘው ትምህርት፣ ክብደቱን ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው እንዲያሰሉና ውጤታቸውን እንዲያስተያዩ ማድረግ፣ ማሽኑ ያወጣውንም ፍጥነት «ይህን ለሚያህል አይሮፕላን ይህ ይመስላልን?» ብሎ በልቡና መመዘን ነው።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ግን ሒሳብ ወሰን እንዳለውም መናገር ይገባል። ይህን ያሳየን በገዛ አገራችን የደረሰ አደጋ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 104 ሰዎችን ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመሄድ ሲነሣ፣ በሩጫው መጨረሻ ላይ፣ ልክ በውሳኔው ፍጥነት ገደማ፣ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ እጀታውን ወደ ፊት ገፍተው አይሮፕላኑን ጥቂት ከፍ አደረጉትና ወደ ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ። ነገር ግን ሞተሮቹ ተከታትለው ኃይላቸውን ስላጡ አይሮፕላኑ እግሩን ሳይዘረጋ በሆዱ ሜዳ ላይ ወረደ፤ እሳትም ተነሣ። 35 መንገደኞች ሞቱ። የአነሣስ ሒሳብ አንድ ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያስባል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ በተመቱበት ቀን ግን ሠንጠረዡ የሚለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩን ያሟላ ሰው «አሁን አደጋ የለም» ማለት አይችልም፤ የሚችለው «በእጄ ያለውን አላጎደልሁም» ማለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። በባሕር ጠረፍ ለሚነሣ አብራሪ ኃይል መቀነስ የዘወትር ነገር ሲሆን፣ ከቦሌ በሙሉ ጭነት ወደ ሩቅ አገር ለሚነሣ ግን የሚቀነስ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ አይተርፈውም። ደጋው ሩቡን አስቀድሞ ወስዶበታልና። ጭነቱ ቀላል፣ ጉዞውም አጭር ሲሆን ቦሌ ላይም ቁጠባ ይቻላል፤ ሩቅ ጉዞ ሲሆን ግን የሚቀነሰው ከኃይሉ ሳይሆን ከጭነቱ ወይም ከነዳጁ ነው።

ይህን በግልጽ የሚያሳይ ነገር ብዙ ተጓዥ አይቶት ሳያስተውለው ያልፋል። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ፣ በየትም ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያን ጊዜም በሁለት ሞተር አይሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን አቆመ። ልብ ይበሉ፤ ጉዞው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ነው እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አይደለም። ዋሽንግተን ያለችው ለባሕር ወለል በተጠጋ ቆላ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ የሰማዩ ነፋስ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ይገፋል። ከዚያ በኋላም በነበሩት ዓመታት የአየር መንገዱ አይሮፕላኖች ከዋሽንግተን በቀጥታ እየመጡ፣ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ግን በመንገድ ላይ በሌላ ከተማ አርፈው ነዳጅ ሲጨምሩ ታይተዋል። መንገደኛው በዚያ ማረፊያ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ሲያጉረመርም፣ የሚከፍለው የደጋውን ቀረጥ መሆኑን የሚነግረው የለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ለታቀደው አዲስ የአይሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው ስፍራ ከቦሌ አራት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ መሆኑም፣ ይህን ቀረጥ ያቃልላል።

የሞተሮቹ ጉልበት በየጊዜው አድጓል። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ቦይንግ 777፣ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ቦይንግ 787፣ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ350 በየተራቸው ወደ አየር መንገዱ ገብተዋል። አየሩ ግን አልተለወጠም፤ ቦሌም ዝቅ አላለም። የሚነሣው አብራሪ ዛሬም እንደ ቀድሞው ከአራቱ ጥያቄዎች ይጀምራል። ጭነቴ ስንት ነው? ዳገቴ ምን ያህል ነው? ሙቀቱ እንዴት ነው? ቢቸግረኝ የሚተርፈኝስ ኃይል ስንት ነው?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ቁጠባ በአገራችን ሁልጊዜ የሚመሰገን ቃል ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችንም ስለ ወረቀት፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ በጀት ቁጠባ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ከጄት አብራሪው የምንማረው ቁም ነገር ግን የቁጠባን ተራ ነው። እርሱ አስቀድሞ ቆጥቦ በኋላ «ይበቃ ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም። በመጀመሪያ ግዴታውን ሁሉ፣ እስከ ክፉው ቀን ድረስ፣ ይቆጥራል፤ ከዚያ የተረፈውን ብቻ ይቆጥባል፤ የቆጠበውንም እጁ ሊደርስበት በሚችልበት ስፍራ ያኖረዋል። ግዴታውን ሳይቆጥር የሚቆጥብ ሰው ቆጣቢ ሊባል አይገባውም፤ የሌላውን ሰው ደኅንነት በብድር ወስዷልና። አኃዙን መልሶ ሳያይ የሚፈርም ደግሞ፣ በሦስት ፈንታ ሁለት ጽፎ መቶ ቶን ከሰው ዓይን የሰወረውን ይመስላል።

አንድ ቀን አየሩ ጠርቶ ሳለ በደሃና አምባዎች ላይ የቆመ ሰው ሽቅብ ቢያይ፣ በሰማዩ ላይ ነጭ መስመር እያሰመረ የሚያልፍ ጄት ያይ ይሆናል። አጠገቡም የአጋሰስ ነጂ ጭነቱን ዳግመኛ ፈትሾ፣ መጫኛውን አጥብቆ ዳገቱን ሊጀምር ይሆናል። የላይኛውም የታችኛውም መንገዳቸውን የጀመሩት ቆጥረው ነው።